ሳሙኤል ኢንሱል፦ መሐንዲስ ሳይሆን የኤሌክትሪክን ኃይል አሠራር የተረዳው ሰው

የኤሌክትሪክ ኃይል ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ይህ የመሐንዲሶች ሥራ ነው በማለት ወደ ኋላ ማለቱ የተለመደ ነው። ምሰሶ ሲተከል፣ ሽቦ ሲዘረጋ፣ ቆጣሪ ሲገጠም ቆሞ ከመመልከት በቀር የሚጠይቀው ጥያቄ ያለው አይመስለውም። ይሁን እንጂ ማመንጫዎችን እርስ በርስ አገናኝቶ ኃይልን ከከተማ እስከ ገጠር በአንድ መረብ ለማዳረስ መንገዱን ካሳዩት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ መሐንዲስ አልነበረም። ይህ ሰው ከተላላኪነትና ከጸሐፊነት ተነሥቶ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል አገልግሎት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው ሳሙኤል ኢንሱል ነው።

የኢንሱል ሕይወት ሁለት ትምህርቶችን ይዟል። አንደኛው፣ የኤሌክትሪክ ኃይልን አሠራር መሠረት ለመረዳት የሒሳብ መዝገብን በትክክል ማንበብና የሰውን የዕለት ኑሮ ማጤን ብዙ የሚያራምድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ማሽኑና መስመሩ የቱንም ያህል ደህና ቢሆኑ፣ ሒሳቡ ለባለ ገንዘቡ ግልጽ ካልሆነ ሥራው በመጨረሻ ብዙ ሰው የሚጎዳ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና የመጀመሪያ ሥራው

ሳሙኤል ኢንሱል በ1859 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ የሐራጅ ሽያጭ ድርጅት ውስጥ በተላላኪነት ተቀጠረ። ቀን ቀን የታዘዘውን እየሠራ ማታ ማታ ሰው ሲናገር በፍጥነት የሚጻፍበትን አጭር ጽሕፈት ተማረ። የሒሳብ አያያዝንም አብሮ አጠና። ይህ ዕውቀቱ ከቀን ሥራው በተጨማሪ የማታ ጸሐፊነት ሥራ አስገኘለት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሐራጁ ድርጅት ሥራው ሲሰናበት በጋዜጣ ላይ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ተመልክቶ አመለከተ። ቀጣሪው በለንደን የአሜሪካዊው ፈልሳፊ የቶማስ ኤዲሰን ወኪል ነበር። ኢንሱል በዚሁ ቢሮ የኤዲሰንን ደብዳቤዎች፣ ውሎችና ሒሳቦች እያገላበጠ ሠራ። ሳይውል ሳያድርም ኤዲሰን በአውሮፓ ያለውን ጥቅምና ዕዳ አንድ በአንድ ለማወቅ በቃ።

በ1881 ዓ.ም. የ21 ዓመት ወጣት ሳለ የኤዲሰን የግል ጸሐፊ እንዲሆን ተጠርቶ በመርከብ ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። በደረሰበት ምሽት ኤዲሰን ለአዲሱ ሥራው የሚሆን ገንዘብ ከየት ሊገኝ እንደሚችል ጠየቀው። ወጣቱም ሌሊቱን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ አድሮ ከአውሮፓ ንብረቶች ውስጥ የትኛው ገንዘብ ሊያስገኝ እንደሚችል ሲነጋ አቀረበለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤዲሰን የገንዘብ ነገር ሲነሣ የሚጠራው እርሱን ሆነ።

የመጀመሪያው ማመንጫ ጣቢያ

በዚያ ጊዜ ኤዲሰን አምፖሉን ሠርቶ ጨርሶ ነበር። ነገር ግን አምፖል ብቻውን መብራት አይሆንም። ኃይል የሚያመነጭ ማሽን፣ ኃይሉን የሚያደርስ ሽቦ፣ የተጠቀሙበትን የሚለካ ቆጣሪ፣ አደጋ ሲመጣ የሚያቋርጥ መከላከያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየወሩ የሚከፍል ደንበኛ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ጥቅም የላቸውም።

መስከረም 4 ቀን 1882 ዓ.ም. በኒውዮርክ ፐርል በተባለው መንገድ ላይ የተሠራው የኤዲሰን ማመንጫ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ጣቢያው በድንጋይ ከሰል በሚነድ እሳት እንፋሎት እያፈላ ማሽኖቹን የሚያዞር ነበር። ሲጀምር ደንበኞቹ ከመቶ የማይበልጡ፣ አምፖሎቹም ጥቂት መቶዎች ብቻ ነበሩ። ኃይሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ በ110 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ከጣቢያው ብዙ መራቅ አይችልም ነበር።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ምሕንድስና አያስፈልግም። ውኃ በቦይ ሲሄድ መንገድ ላይ እየሰረገ እንደሚቀንስ ሁሉ ኤሌክትሪክም በሽቦ ሲሄድ ሽቦውን እያሞቀ በከፊል ይባክናል። ቮልት የሚባለው የግፊቱ መጠን ነው። ግፊቱ ከፍ ካለ ያንኑ ኃይል በአነስተኛ ፍሰት ማድረስ ስለሚቻል ብክነቱ ይቀንሳል። ተመሳሳይ ኃይል በተመሳሳይ ሽቦ ሲላክ ቮልቱ በ10 እጥፍ ከፍ ቢል የሚባክነው ከመቶ ወደ አንድ እጅ ይወርዳል። ስለዚህም ኃይልን ወደ ሩቅ ቦታ ለማድረስ ሲላክ ቮልቱን ከፍ፣ ቤት ሲደርስ ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። ይህን የሚያደርገው ትራንስፎርመር የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፣ የሚሠራውም አቅጣጫውን በሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ብቻ ነው። ኤዲሰን ይህን አዲስ አሠራር ለረጅም ጊዜ ተቃውሟል። ኢንሱል ግን በኋላ በራሱ ኃላፊነት ሲሠራ የሚጠቅመውን ከማንም ይምጣ ከማን ለመቀበል አላመነታም።

ኤዲሰን የማሽን ፋብሪካውን በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ወዳለችው ስኬነክታዲ ከተማ ሲያዛውር አስተዳዳሪ አድርጎ የሾመው ኢንሱልን ነበር። ጥቂት መቶ ሠራተኞች የነበሩት ፋብሪካ በእርሱ አመራር ስድስት ሺህ ያህል ሠራተኞች ያሉት ሆነ። በ1892 ዓ.ም. የኤዲሰን ኩባንያ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚባለው ድርጅት ሲመሠረት ለኢንሱል በዓመት 36,000 ዶላር የሚከፈልበት ሹመት ተዘጋጅቶለት ነበር። እርሱ ግን ይህን ትቶ በዓመት 12,000 ዶላር ብቻ ወደሚከፈልበት፣ በቺካጎ ከተማ ወደሚገኝ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በፕሬዚዳንትነት ሄደ። ምክንያቱም ማሽን ከመሸጥ ይልቅ ኃይሉን ራሱን መሸጥ የወደፊቱ ትልቅ ሥራ እንደሚሆን ስላመነ ነው።

ቆሞ የሚውል ማሽን

ኢንሱል ቺካጎ ሲደርስ ከተማዋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። በውስጧም ከሃያ የሚበልጡ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ኩባንያ በየሠፈሩ ትናንሽ ማሽኖችን ተክሎ ለጥቂት ደንበኞች ይሸጥ ነበር። ኤሌክትሪክ የሀብታም ዕቃ ነበር። ብዙው ሕዝብ በጋዝና በኩራዝ ይጠቀማል። ኢንሱል የኩባንያውን መዝገብ ሲመረምር ማሽኖቹ ማታ ለጥቂት ሰዓት በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ ቀኑንና ሌሊቱን አብዛኛውን ጊዜ ቆመው እንደሚውሉና እንደሚያድሩ ተገነዘበ።

የዚህን ጉዳት በወፍጮ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ማኅበር በብድር ወፍጮ ገዛ እንበል። ወለዱና ሌላው ቋሚ ወጪ በዓመት 3,650 ብር፣ ማለት በቀን 10 ብር ነው። ወፍጮው በቀን አንድ ኩንታል ብቻ ቢፈጭ በዚያ ኩንታል ላይ የሚያርፈው ቋሚ ወጪ 10 ብር ነው። በቀን አሥር ኩንታል ቢፈጭ ግን በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 1 ብር ብቻ ይሆናል። ወለዱ ወፍጮው ሠራም ቆመም አይቆምም። በቀን አንድ ኩንታል የሚፈጭ ባለ ወፍጮ ዋጋ ለመቀነስ አይችልም። ዋጋ ካልቀነሰ ደግሞ ገበያተኛ አይመጣለትም።

በኤሌክትሪክ ላይ ነገሩ ከወፍጮም ይብሳል። እህል በጎተራ ይከተታል። ዛሬ ያልተፈጨው ነገ ይፈጫል። ወረፋ መጠበቅም ይቻላል። ኤሌክትሪክ ግን በመስመሩ ላይ አይጠራቀምም። አንድ ሰው ማብሪያውን ሲጫን ያ ኃይል በዚያችው ቅጽበት መመንጨት አለበት። ከሚመነጨው በላይ ከተጠየቀ ማሽኖቹ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። ቶሎ ካልተስተካከለም መከላከያው ይሠራና መስመሩ ይቋረጣል። በዛሬው ጊዜ ትላልቅ ባትሪዎችና የግድብ ውኃ ለማቆያ ቢያገለግሉም፣ ማቆየቱ ራሱን የቻለ ወጪ አለው፤ የሚመነጨውና የሚፈለገው በየቅጽበቱ እኩል መሆን አለበት የሚለው ሕግም አልተለወጠም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጣቢያ የሚሠራው ደንበኞቹ በዓመት የሚፈልጉትን ድምር ብቻ አስቦ አይደለም። ከዓመቱ ሁሉ በበለጠ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ኃይል የሚፈልግባትን ያችን ሰዓት መቋቋም እንዲችል ሆኖ ነው። በቺካጎ ይህች ሰዓት በብርዱ ወራት ቀኑ በሚያጥርበት ጊዜ ሱቅና መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ፣ ሠራተኛውም ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለችው የማታ መግቢያ ነበረች። ለዚህች አጭር ሰዓት ሲባል የተገዛው ማሽን የቀረውን ጊዜ ወለድ እየበላ ይቆማል።

ኢንሱል መፍትሔውን ያገኘው የሰዎችን የሥራ ሰዓት በማጥናት ነው። ለምሳሌ፣ ማታ ብቻ መብራት የሚያበሩ ቤቶች 30 ኪሎዋት፣ ቀን ብቻ የሚሠራ ወፍጮ 30 ኪሎዋት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ 30 ኪሎዋት ይፈልጋሉ እንበል። ሦስቱም የየራሳቸውን ማሽን ቢገዙ 90 ኪሎዋት የሚያመነጩ ማሽኖች ያስፈልጋሉ። ሦስቱ ከአንድ ማሽን ቢገናኙ ግን ሰዓታቸው ስለማይጋጭ 30 ኪሎዋት ይበቃቸዋል። ማሽኑም ቀንና ማታ ስለሚሠራ ዋጋው ለሦስቱም ይቀንሳል። ኑሯቸውና ሥራቸው የተለያየ ሰዎችን በአንድ መስመር ማገናኘት የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በመከተል ኢንሱል ተፎካካሪዎቹን ኩባንያዎች እየገዛ ከአንድ መረብ ጋር አገናኛቸው። ማሽኖቹ የሚያመነጩት በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ላይ በመስመር እየተሣለ ይቀርብለት ነበር። መስመሩ ዝቅ የሚልበትን ሰዓት እያየ በዚያ ሰዓት ሊጠቀም የሚችል ደንበኛ ያፈላልጋል። የራሳቸው ማመንጫ የነበራቸው የከተማው የባቡርና የትራም ኩባንያዎች ጣቢያቸውን ዘግተው ከእርሱ እንዲገዙ በዝቅተኛ ዋጋ ጋበዛቸው። እነርሱም ከትላልቆቹ ደንበኞቹ መካከል ሆኑ። በረዶ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ደግሞ በሙቀት ወራት የሚሠሩና የማታውን ጥድፊያ ሰዓት ማሳለፍ የሚችሉ በመሆናቸው ለእነርሱም ዋጋ ቀነሰላቸው።

የዋጋው አወጣጥ

ኢንሱል በ1894 ዓ.ም. ገደማ ለዕረፍት ወደ እንግሊዝ አገር በሄደ ጊዜ ብራይተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ትናንሽ ሱቆች ሳይቀሩ በኤሌክትሪክ ደምቀው አየ። ምክንያቱን ሲጠይቅ የከተማው ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ አርተር ራይት አዲስ ዓይነት ቆጣሪ ሠርቶ እንደሚጠቀም ተነገረው። ይህ ቆጣሪ ደንበኛው የተጠቀመበትን ጠቅላላ መጠን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሳበውን ከፍተኛ ኃይልም ጭምር የሚመዘግብ ነበር።

የዚህ ፍትሐዊነት እንደሚከተለው ነው። ሁለት ደንበኞች በወር እኩል 100 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ። አንዱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሳበ ነው። ሌላው ግን ወሩን ሙሉ ዘግቶ በአንድ ቀን ብዙ ኃይል ይስባል። ለሁለተኛው ሰው ሲባል ትልቅ ማሽንና ወፍራም ሽቦ ተዘጋጅቶ ወሩን ሙሉ መጠበቅ አለበት። ሁለቱን እኩል ማስከፈል የሁለተኛውን ወጪ በመጀመሪያው ላይ መጫን ነው። ኢንሱል ይህን አሠራር ወደ ቺካጎ አምጥቶ ሒሳቡን በሁለት ከፈለው። አንደኛው ክፍል ለማሽኑና ለመስመሩ ቋሚ ወጪ፣ ሁለተኛው ክፍል በእርግጥ ለተቃጠለው ከሰልና ለተሸጠው ኃይል ሆነ። ኃይሉን ለረጅም ሰዓት የሚጠቀም ሰው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው አነሰለት። በዚህም ምክንያት የደንበኛው ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሄደ።

ትልቁ ተርባይን

ፍላጎቱ ሲያድግ የድሮዎቹ የእንፋሎት ሞተሮች ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። እነዚህ ሞተሮች ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለስ ክንድ የሚሠሩ ስለነበሩ በጣም ሲተልቁ ሕንጻውን የሚያናውጡ፣ ብዙ ቦታም የሚይዙ ነበሩ። ኢንሱል ፍሬደሪክ ሳርጀንት የተባለ መሐንዲስ የሰጠውን ምክር በጥሞና አዳመጠ። ምክሩም እንፋሎቱ በቀጥታ ጎማ በሚያዞርበት ተርባይን መጠቀም ነበር። ኢንሱልም በአሜሪካ ከዚያ በፊት ያልተሞከረ 5,000 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን እንዲሠራለት ጄኔራል ኤሌክትሪክን ጠየቀ። ኩባንያው ቢያመነታም በመጨረሻ ማሽኑ ባይሳካ የመሥሪያውን ወጪ ኩባንያው፣ የመትከያውን ወጪ ኢንሱል እንዲችሉ ተስማሙ።

ተርባይኑ በ1903 ዓ.ም. በቺካጎ በፊስክ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ውጤቱም ጥሩ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቦታው 12,000 ኪሎዋት የሚያመነጭ ማሽን ተተካ። ኢንሱል ተርባይን እንዴት እንደሚሠራ ራሱ ሊነድፍ አይችልም ነበር። ነገር ግን መሐንዲሱን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። አንድ ኪሎዋት ለመትከል ስንት ይፈጃል? በአንድ ኩንታል ከሰል ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል? ቢሰበር ማን ይተካዋል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ መሪ መሐንዲስ ባይሆንም መሐንዲሱን በሚገባ ለማሠራት ይችላል።

ወደ ገጠር የተዘረጋው መስመር

ኢንሱል በ1907 ዓ.ም. ከቺካጎ በስተ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሌክ በተባለው አውራጃ፣ ሊበርቲቪል በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የእርሻ መሬት ገዛ። በአካባቢው ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሃያ ያህል ትናንሽ ከተሞች ባሉበት በዚህ አካባቢ ብዙዎቹ ምንም ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም። ያላቸውም ቢሆኑ በአነስተኛ ማሽን ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ብቻ የሚያበሩ ነበሩ። ገበሬውማ ከነአካቴው የሚያስታውሰው አልነበረም።

ከ1910 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንሱል በዚህ አውራጃ ሙከራ አደረገ። ትናንሾቹን ጣቢያዎች ገዝቶ አብዛኛዎቹን ዘጋ። በእነርሱ ምትክ ከትልቅ ጣቢያ በከፍተኛ ቮልት የሚመጣ መስመር ዘርግቶ ከተሞቹን እርስ በርስ አገናኘ። በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚገኙ እርሻዎችም ኃይል አገኙ። ብዙዎች ለገጠር መስመር መዘርጋት ኪሳራ ነው ሲሉ ቆይተው ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ከተሞቹ ቀንና ሌሊት ኃይል አገኙ። የሚጠቀመው ሰው በዛ። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨትና ለማድረስ የሚፈጀው ወጪም ቀነሰ። በእርሻዎቹ ላይ ኤሌክትሪክ ለመብራት ብቻ ሳይሆን ውኃ ለመሳብና የከብት መኖ ለመፍጨት ዋለ። ይህም የቀን ሥራ በመሆኑ ማታ ብቻ ይሠሩ የነበሩት ማሽኖች ቀንም ሥራ እንዲያገኙ ረዳ።

የሌክ አውራጃ ሙከራ ያስተማረው ቁም ነገር ገጠርን የሚጎዳው የገጠርነቱ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። አንዲት መንደር ብቻዋን አንዲት ትንሽ ማሽን ይዛ ስትቀር ወጪው ይከብዳታል። ብዙ መንደሮች ተባብረው፣ የቀኑን ሥራና የማታውን መብራት አቀናጅተው ሲመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የእናት ኩባንያዎች ክምር

ኢንሱል በ1912 ዓ.ም. ሚድል ዌስት ዩቲሊቲስ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ይህ ኩባንያ የሌሎች የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን አክሲዮን እየገዛ የሚቆጣጠር እናት ኩባንያ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥቅም ነበረው። ብቻቸውን ብድር የማያገኙ ትናንሽ ኩባንያዎች በእርሱ ስም ገንዘብ አግኝተው መስመር ዘረጉ። ከጊዜ በኋላ ግን በእናት ኩባንያው ላይ ሌላ እናት ኩባንያ፣ በዚያም ላይ ሌላ ተደራረበ። በ1930 ዓ.ም. አካባቢ የኢንሱል ኩባንያዎች በ32 የአሜሪካ ክፍለ ሀገሮች ተሠራጭተው ነበር።

የዚህ ክምር አሠራር እንደሚከተለው ነው። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የኃይል ኩባንያ አለ እንበል። ግማሹ ገንዘብ ብድር ነው። አበዳሪ ደግሞ በኩባንያው ጉባኤ ድምፅ የለውም። የቀረውን 500,000 ብር አክሲዮን ከግማሽ ጥቂት በላይ የያዘ፣ ማለት 250,000 ብር ያህል ያለው ሰው ኩባንያውን ይመራል። ይህን 250,000 ብር የሚይዝ ሁለተኛ ኩባንያ ተቋቁሞ የእርሱም ግማሽ በብድር ከተገዛ 62,500 ብር ያህል ብቻ ያለው ሰው ይመራዋል። ሦስተኛ ሲጨመር ደግሞ ከ16,000 ብር ባነሰ ገንዘብ የአንድ ሚሊዮኑን ንብረት ማዘዝ ይቻላል። ቀን ሲያምር ትርፉ ከታች ወደ ላይ እየበዛ ይወጣል። ከታች ያለው ገቢ ጥቂት በጎደለ ጊዜ ግን አስቀድሞ የየደረጃው ወለድ ስለሚከፈል ከላይ ላለው ባለ አክሲዮን ምንም አይደርሰውም።

አክሲዮኖቹን የገዙት ሀብታሞች ብቻ አልነበሩም። የኩባንያዎቹ ሠራተኞችና መብራት የሚጠቀሙ ተራ ደንበኞችም ያጠራቀሙትን እንዲያስገቡ ይበረታቱ ነበር። ሰዎቹ አምነው የገዙት ስለ ክምሩ አሠራር ተነግሯቸው ሳይሆን የኢንሱልን ስምና በየቤታቸው የሚበራውን መብራት አይተው ነው።

በ1929 ዓ.ም. የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ይሁን እንጂ ኢንሱል ማስፋፋቱን አላቆመም። ከዚህም በላይ ሳይረስ ኢተን የተባለ ባለሀብት የኢንሱልን ኩባንያዎች አክሲዮን በብዛት ሲገዛ ቆይቶ ስለነበር፣ ኢንሱል ቁጥጥሩ ከእጁ እንዳይወጣ በመስጋት በ1930 ዓ.ም. አክሲዮኖቹን በ56 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አብዛኛው ገንዘብ ከባንክ የተበደረው ሲሆን መያዣውም የኩባንያዎቹ አክሲዮን ነበር። የአክሲዮኑ ዋጋ እየወደቀ በሄደ መጠን ባንኮቹ ተጨማሪ መያዣ ጠየቁ። በመጨረሻም የሚሰጥ መያዣ ታጣ። በሚያዝያ 1932 ዓ.ም. ሚድል ዌስት ዩቲሊቲስ ዕዳውን መክፈል ስላቃተው ፍርድ ቤት በሾመው ጠባቂ እጅ ገባ። በዚያው ዓመት በሰኔ ኢንሱል ከሥልጣኑ ሁሉ ተነሣ። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ገንዘባቸውን አጡ።

እዚህ ላይ በአንክሮ ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። የእናት ኩባንያዎቹ ክምር ሲወድቅ በቺካጎ መብራት አልጠፋም። ማሽኖቹ መዞራቸውን፣ መስመሮቹም ኃይል ማድረሳቸውን ቀጠሉ። ከታች ያለው ሥራ ጤናማ ነበር። የተበላሸው ከላይ የተደራረበውና ባለ ገንዘቡ ሊያየው ያልቻለው ሒሳብ ነው። ኢንሱል ራሱ በ1898 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በክፍለ ሀገር መንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲሆኑ ሐሳብ ካቀረቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ነገር ግን ያ ቁጥጥር በየክፍለ ሀገሩ ያሉትን ኩባንያዎች እንጂ በብዙ ክፍለ ሀገሮች ላይ የተዘረጉትን እናት ኩባንያዎች በሚገባ የሚደርስባቸው አልነበረም።

የመጨረሻ ዘመኑ

ኢንሱል ከሥልጣኑ ከወረደ በኋላ ወደ አውሮፓ ሄደ። በ1932 ዓ.ም. በአሜሪካ ክስ ሲመሠረትበት በግሪክ አገር ተቀመጠ። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ከዚያ እንዲወጣ ሲታዘዝ በመርከብ ተሳፈረ። በኢስታንቡል ተይዞ በ1934 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ለፍርድ ቀርቦ ሦስት ጊዜም በነጻ ተለቀቀ። የራሱም ሀብት ከኩባንያዎቹ ጋር ጠፍቶ ስለነበር ከክምሩ አትርፎ የወጣ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሕዝቡ ያጣውን ገንዘብ አልመለሰለትም። ኢንሱል በሐምሌ 1938 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ልቡ ቆሞ በ78 ዓመቱ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ለውጥ

በ1935 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግሬስ እናት ኩባንያዎችን የሚቆጣጠርና ክምሩን የሚያሳንስ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ እርሻዎች ኤሌክትሪክ የነበራቸው ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። የሌክ አውራጃ ሙከራ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም ኩባንያዎች ከመስመራቸው ርቀው ለተበታተኑ እርሻዎች ምሰሶ መትከል አያዋጣም ብለው ትተዋቸው ነበር።

በዚህ ጊዜ ገበሬዎቹ ራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥት በአነስተኛ ወለድ አበደራቸው። እነርሱም በየቤቱ እየዞሩ አባል መዘገቡ፣ የምሰሶ መትከያ መሬት ፈቀዱ፣ ቦርድ መረጡ። በብዙ ቦታ አባላቱ ቆጣሪያቸውን ራሳቸው እያነበቡ ለማኅበሩ ያስታውቁ ነበር። መሐንዲሶቹ ምሰሶዎቹን በማራራቅና ዕቃውን አንድ ዓይነት በማድረግ የመስመሩን ወጪ በብዙ ቀነሱ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአሥር እርሻዎች ዘጠኙ ኤሌክትሪክ አግኝተው ነበር። እነዚህ ማኅበራት የተጠቀሙበት አሠራር ከሞላ ጎደል ኢንሱል ያሳየው ነው። የለወጡት የባለቤትነቱንና የሒሳቡን አያያዝ ነው። የኃይሉ ተጠቃሚ የመስመሩ ባለቤትም ሆነ፤ ሒሳቡም በአባላት ጉባኤ ፊት ይነበብ ጀመር።

እንግዲህ በአካባቢው የኤሌክትሪክ መስመር፣ የፀሐይ ኃይል ወይም የወንዝ ላይ ማመንጫ ሲታሰብ የማኅበር መሪ የሽቦውን ሳይንስ አላውቅም ብሎ ዝም ማለት አይገባውም። ኃይሉ በስንት ሰዓት ይፈለጋል? ሁሉም ማታ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ቀን ማሽኑን ምን ሥራ እንስጠው? ወፍጮውን፣ ፓምፑንና የእንጨት መሰንጠቂያውን መብራት በማይበዛበት ሰዓት ለማሠራት ይቻላል? ቋሚው ወጪ ስንት ነው? በስንት ሰውስ ይከፈላል? ብልሽት ሲደርስ ማን ይጠግናል? የሒሳቡን መዝገብ ማን ይይዛል? ለማንስ ያነባል? እነዚህን ጥያቄዎች ቆጥሮ የሚጠይቅና መልሳቸውን በአባላቱ ፊት የሚያስነብብ መሪ፣ ኢንሱል በተሳካለት ቦታ ሊሳካለት፣ ኢንሱል ከወደቀበት ጉድጓድም ሊጠበቅ ይችላል።